የዲስክ መዝገብና አራሚዎቹ

በ2030 ዓ.ም. ጥር 11 ቀን፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ፣ በመርሳ ከተማ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ሰዓት ይሆናል። ከተራው ዐልፎ፣ ታቦታቱ በድንኳን አድረው፣ ካህናቱ ባሕሩን ለመባረክ የሚሰናዱበት ጊዜ ነው። በዚያችው ሴኮንድ፣ ማንም ሳያየውና ሳይሰማው፣ በዓለም ዙሪያ በአሮጌ የኮምፒዩተር ዲስኮች ላይ የቀን ቍጥር ያልቃል። ጥንቃቄ ባልተደረገበት መሣሪያ በሚቀጥለው ሴኮንድ የሚጻፍ ፋይል የተጻፈበት ቀን ተብሎ የሚመዘገብለት ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፤ ይኸውም ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋናቸው ላይ የነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው።

የነገሩ መነሻ ዩኒክስ ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በሠሩት በዚህ ሥርዓተ ክወና ጊዜን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ በሴኮንድ መቍጠር ልማድ ሆነ፤ ቍጥሩም በ32 ቢት ተጻፈ። አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ስለሚውል የቀሩት 31 ቢቶች ከ2,147,483,647 በላይ ሊቈጥሩ አይችሉም። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ቍጥር ወደ 64 ቢት ማስፋት በአንጻሩ ቀላል ነው። ዲስክ ላይ አስቀድሞ የተጻፈው ግን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ አይታደስም። የከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው አስኳል፣ የማከማቻ ኮድ ከሌላው ኮድ ሁሉ የሚለየው በዚህ ነው፤ ስሕተቱ ኮዱ ከታረመ በኋላም በዲስኩ ላይ ይኖራል። በዚህ ኮድ ላይ ለውጥ ሲቀርብ አንብበው የሚያልፉትን ወይም የሚመልሱትን ሰዎች ታሪክ መመልከት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር ከሀብሩ ወረዳ የራቀ የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በመርሳ እህል የሚሸምት ነጋዴ በኪሱ የያዘው የአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው። የልጁ ፎቶግራፍ፣ የዱቤ ማስታወሻው፣ የዕድሩ መዋጮ ዝርዝር የሚቀመጡት ኤክስት 4 በሚባለው የፋይል ሥርዓት፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ከርነሉ በገባው ኤፍ 2 ኤፍ ኤስ ውስጥ ነው። በዚሁ ወረዳ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል ይገኛል። የማሽላ ዝርያ ሙከራን የመሰለ ሥራ ዋጋ የሚያገኘው የብዙ ዓመታት ውጤት ጎን ለጎን ሲነጻጸር ነው፤ ከመካከሉ የአንድ ዓመት ሰንጠረዥ ቢጎድል የዚያን ዓመት ዝናብ መልሶ ማዝነብ አይቻልም። በአካባቢው የመብራት ነገርም የታወቀ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ በነበረው ጦርነት ሰሜን ወሎ ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ ቈይቷል፤ በሰላሙም ጊዜ ቢሆን መብራት ሳያስጠነቅቅ መሄዱ እንግዳ ነገር አይደለም። የማከማቻ ኮድ ዋና ፈተናም መብራት የሚጠፋባት ያቺው ቅጽበት ናት።

ፋይል መጻፍ ለተመልካች አንድ ተግባር ይመስላል። በእርግጥ ግን ቢያንስ አራት ቦታ መጻፍን ይጠይቃል። ጽሑፉ ራሱ በዲስኩ ክፍልፋዮች ላይ ይሰፍራል፤ እነዚያ ክፍልፋዮች መያዛቸው በሌላ ሰሌዳ ይመዘገባል፤ ኢኖድ በሚባለው የፋይሉ መታወቂያ ላይ መጠኑ፣ ባለቤቱና ቀኑ ይጻፋል፤ ስሙ ደግሞ በማውጫው ውስጥ ይገባል። ኀይል ከሁለተኛው በኋላ፣ ከሦስተኛው በፊት ቢቋረጥ መዝገቡ ከመዝገብ ይጣላል። በከፋ ጊዜም ሁለት ፋይሎች አንዱን ክፍልፋይ «የእኔ ነው» ይላሉ።

ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የፋይል ሥርዓቱን የወሰደው ከሚኒክስ ነበር። ያም ከ64 ሜጋባይት በላይ ዲስክ አይችልም፤ የፋይል ስምም ከ14 ባይት በላይ አይቀበልም። (ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 የነደፉት ዩ ቲ ኤፍ 8 የግዕዝን ፊደል እያንዳንዱን በ3 ባይት ስለሚጽፍ፣ በሚኒክስ ዲስክ ላይ «ወልድያ» ብሎ ፋይል መሰየም ይቻላል፤ «ኮምቦልቻ» ግን በአንድ ባይት ተርፎ ይቀራል። የዛሬው ኤክስት 4 እስከ 255 ባይት ስለሚፈቅድ 85 ፊደል ይበቃዋል።) ረሚ ካርድ እ.ኤ.አ. በ1992 ኤክስትን፣ በ1993 ኤክስት 2ን አቀረበ። ኤክስት 2 ፈጣንና የታመነ ሆነ፤ መብራት በጠፋ ቍጥር ግን ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር ተነብቦ መፈተሽ ነበረበት። ዲስኮች እያደጉ ሲሄዱ የደቂቃ ሥራ የነበረው ፍተሻ የሰዓታት ሥራ ሆነ። እስኮትላንዳዊው ስቲቨን ትዊዲ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበው መፍትሔ ጆርናል የሚባለው ነው፤ ለውጡ በዋናው ቦታ ከመስፈሩ በፊት ሙሉ ሐሳቡ በጆርናሉ ይጻፋል፣ መጨረሻው ላይ ማኅተም ይደረግበታል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ቦታው ይዛወራል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማኅተም ያለው ሐሳብ እንደገና ይፈጸማል፤ ማኅተም የሌለው ይጣላል። ኤክስት 3 የተባለው ይኸው ነው።

ከመርሳ ወደ ደቡብ በዚያው አውራ ጎዳና የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈውን የአባ ኢየሱስ ሞአን ወንጌል ይዞ ቈይቷል። በግዕዝ የብራና መጻሕፍት ላይ የአራሚ እጅ በዐይን ይታያል፤ የተሳሳተው ቃል በስለት ተፍቆ በቦታው ሌላ ተጽፏል፣ የተዘለለው ከመስመሩ በላይ ገብቷል። አንባቢ እርማት መደረጉን ያውቃል። ዲስክ የፍቀት ምልክት የለውም፤ የተሳሳተው ቢት ከትክክለኛው ጋር አንድ መልክ አለው። ደግሞም የብራናው ስሕተት ወደ ሌላ መጽሐፍ የሚሻገረው ሌላ ጸሐፊ ወራት ፈጅቶ ሲገለብጠው ነው፤ የከርነል ስሕተት ግን በአንድ ሌሊት ብዙ ሺሕ ማሽን ይደርሳል።

ኮድን ከመጠቀም በፊት በሌላ ሰው ዐይን ማስነበብ የሊኑክስ ፈጠራ አይደለም። የአይ ቢ ኤም መሐንዲስ ማይክል ፌገን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ጽሑፍ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ የየራሳቸው ኀላፊነት ተሰጥቷቸው፣ ኮዱን መስመር በመስመር የሚመረምሩበትን ሥርዓት ደንግጓል። የሊኑክስ ሰዎች ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አይቀመጡም፤ አብዛኞቹም ተያይተው አያውቁም። የሚያገናኛቸው ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ፓች የተባለ ፕሮግራም የለመደው ዐይነት ወረቀት ነው። በዚህ ወረቀት ላይ የሚወጣው መስመር የመቀነስ ምልክት፣ የሚገባው የመደመር ምልክት ይደረግበታል፤ ከላይና ከታች ደግሞ ያልተለወጡ ሦስት ሦስት መስመሮች ለማመልከቻ ይቀመጣሉ። በኢሜይል ይላካል፣ ይነበባል፣ አስተያየት ይጻፍበታል፣ ታርሞ እንደገና ይላካል። በከርነሉ አንድ ለውጥ አምስት ስድስት ጊዜ ተመላልሶ መምጣቱ የተለመደ ነው። ከላይና ከታች ሦስት ሦስት መስመር ብቻ መታየቱን አንባቢው ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ላይ አንባቢው ቶርቫልድስ ብቻውን ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራው ከዐቅሙ በላይ ሆኖ የተላኩለት ለውጦች ሳይነበቡ መውደቅ ጀመሩ፤ ቅሬታውም ጠነከረ። በ2002 ቢትኪፐር የተባለውን የመዝገብ አያያዝ ፕሮግራም መጠቀም ተጀመረ። በ2004 እያንዳንዱ ለውጥ በመንገዱ ላይ ያሳለፉትን ሰዎች ፊርማ እንዲይዝ ተደነገገ። በ2005 ከቢትኪፐር ጋር የነበረው ስምምነት ሲፈርስ ቶርቫልድስ ጊትን ጻፈ፤ ዛሬ ጊትን የማያውቅ ፕሮግራመር ማግኘት ያስቸግራል። የየክፍሉ ኀላፊነትም ተከፋፈለ፤ ኤክስት 4ን ቴዎዶር ጾ፣ ለፋይል ሥርዓቶች ሁሉ የጋራ የሆነውን ንብርብር አል ቪሮ ለረጅም ዘመን ጠብቀዋል።

የማከማቻ ኮድ አራሚ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ከሌላው ክፍል የተለዩ ናቸው። በዚህ መስመርና በሚቀጥለው መካከል መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ዲስኩ ሞልቶ ቢሆንስ? ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ቢደርሱበትስ? ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ አዲሱ ከርነል የጻፈውን ዲስክ አሮጌው ከርነል ሲያገኘው ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ለዚህ የኤክስት 2 ነዳፊዎች አስተዋይ መፍትሔ ትተዋል። በዲስኩ ራስጌ ላይ ሦስት የምልክት ረድፎች አሉ። በመጀመሪያው ረድፍ የማያውቀውን ምልክት ያገኘ ከርነል ሳይጨነቅ ይቀጥላል፤ በሁለተኛው ያገኘ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድለትም፤ በሦስተኛው ያገኘ ዲስኩን ፈጽሞ አይከፍትም። አዲስ ነገር የሚጨምር ሰው ምልክቱ በየትኛው ረድፍ እንደሚገባ ማስረዳት አለበት። በስሕተት በመጀመሪያው ረድፍ የገባ ምልክት አሮጌ ማሽን ያልተረዳውን ዲስክ እንዲያበላሽ ፈቃድ መስጠት ነውና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አደጋን አላስቀረም። ኤክስት 3 ወደ ከርነሉ በይፋ የገባው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 በወጣው እትም 2.4.15 ነው። ያው እትም ዲስክ በሚዘጋበት ጊዜ የፋይል ሥርዓቱን የሚያበላሽ ስሕተት ይዞ ወጣ። መብራት ቢጠፋ እንዳይጨነቅ ተብሎ ጆርናል የተሰጠው ተጠቃሚ ማሽኑን በሥርዓት ሲያጠፋ ተጎዳ። እትም 2.4.16 በጥቂት ቀናት ውስጥ ወጥቶ ነገሩ ታረመ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተነሣው ክርክር ግን በጥቂት ቀን የሚያልቅ አልነበረም። ኤክስት 4 በ2008 መጨረሻ የተረጋጋ ተብሎ ሲወጣ፣ ለፍጥነት ሲል ለጽሑፉ የዲስክ ቦታ መመደብን ያዘገይ ነበር። ኤክስት 3 በልማዱ በየ5 ሴኮንዱ ያወርደው የነበረው ጽሑፍ በአዲሱ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ በማኅደረ ትውስታ ይቈያል። ብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ ፋይል ሲያድሱ አዲሱን በሌላ ስም ጽፈው፣ «ወደ ዲስኩ አውርድ» የሚለውን ትእዛዝ ሳይሰጡ፣ በአሮጌው ስም ይተኩታል። በመካከሉ ማሽኑ ሲወድቅ አሮጌውም አዲሱም ጠፍቶ ባዶ ፋይል ይገኛል። ጾ ደንቡን ጠቅሶ ተከራከረ፤ ፖዚክስ የተባለው ስምምነት ያልታዘዘ ጽሑፍ ዲስክ ላይ ይገኛል ብሎ ቃል አልገባም፣ ጥፋቱም የፕሮግራሞቹ ነው አለ። በደንቡ ረገድ እውነቱን ነበር። ነገር ግን ያው ጾ የስም መተካት በሚደረግበት ጊዜ ጽሑፉ አስቀድሞ እንዲወርድ የሚያደርግ ማሻሻያ ጽፎ በእትም 2.6.30 አስገባ። ይህም የሚያስመሰግነው ነው፤ ፋይሉ የጠፋበት ሰው የፖዚክስን አንቀጽ ቢያነቡለት የሚጽናና አይደለምና። ከዚያ ወዲህ በዚህ ክፍል ለውጥ ሲነበብ ደንቡ ምን ይላል ከሚለው ጎን ሰዎች በልማድ የተማመኑት ምንድን ነው የሚለውም ይጠየቃል።

ወደ ጥር 11 ቀን እንመለስ። በ2015 ገደማ በጋራው ንብርብር ውስጥ የፋይል ቀን የሚያዝበት መዋቅር በ32 ቢት ማሽኖች ላይ ገና ጠባብ ነበር፤ በዚያ ንብርብር ላይ ደግሞ በዐሥር የሚቈጠሩ የፋይል ሥርዓቶች ተደግፈዋል። ዲፓ ዲናማኒ የተባለች ፕሮግራመር አዳዲስ ሠራተኞችን ወደ ነጻ ሶፍትዌር በሚያስገባ መርሐ ግብር መጥታ፣ በአርንድ በርግማን መሪነት ሥራውን ያዘች። ችግሩ አንድ መዋቅር ሲለወጥ የሚጠቀሙበት ሁሉ አብረው መለወጥ እንዳለባቸው ነው፤ ኀላፊነታቸው ግን የተለያዩ ሰዎች ነው፣ ማንም ደግሞ በራሱ ክፍል ውስጥ የሌላ ሰው እጅ ሲገባ በደስታ አይቀበልም። ስለዚህ ሥራው ተከፋፍሎ ቀረበ። በ2016 ኮዱ ሁሉ «አሁን ስንት ሰዓት ነው» ብሎ በአንድ በር እንዲጠይቅ ተደረገ፤ በሩ አንድ ከሆነ ከበሩ በስተጀርባ ያለውን መለወጥ ይቀላል። መዋቅሩ ራሱ ወደ 64 ቢት የተዛወረው በ2018 በእትም 4.18 ነው። በዐሥር የሚቈጠሩ የፋይል ሥርዓቶችን በአንድ ጊዜ የሚነካ ለውጥ በእጅ ቢጻፍ አራሚው ሊያምነው አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ለዋጩ ራሱ ፕሮግራም ሆኖ፣ የሚመረመረው የለውጡ ደንብ እንዲሆን ተደረገ። በ2019 በእትም 5.4 ደግሞ እያንዳንዱ የፋይል ሥርዓት ቀን የሚይዘው እስከ መቼ እንደሆነ እንዲናገር ተገደደ። ከዚያ ወዲያ ያለ ቀን ወደ 1894 ዓ.ም. ከመገልበጥ ይልቅ በመጨረሻው ሴኮንድ ላይ ይቆማል፤ ዲስኩም ሲከፈት ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ኤክስ ኤፍ ኤስ በ2020 መጨረሻ በእትም 5.10 ዘመኑን እስከ 2486 አራዘመ።

ኤክስት 4 አስቀድሞ ሰፋ ያለ ኢኖድ ስለነበረው ሁለት ቢት ጨምሮ እስከ 2446 መቍጠር ይችል ነበር። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ከ1970 በፊት ያሉ ቀኖች በመቀነስ ምልክት የሚጻፉ ስለሆኑ ሁለቱ ተጨማሪ ቢቶች ለእነርሱ በተሳሳተ መንገድ ይጻፉ ነበር፤ በ1950ዎቹ የተነሣን ፎቶግራፍ በትክክለኛ ቀኑ ሊመዘግብ የሞከረ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ ፋይሉን ወደ ሩቅ ወደፊት ተወርውሮ ሊያገኘው ይችል ነበር። ይህ እስከ 2015 መጨረሻ ሳይታረም ቈየ። ሰባት ዓመት ሙሉ ብዙ ብልህ ዐይን ያን መስመር አይቶት ዐልፏል። ያላየው ስለ ሰነፈ አይደለም፤ የሁሉም ሐሳብ ወደ 2038 ያቀና ስለነበረ ወደ ኋላ የሚመለከት አልነበረም።

የወረቀቱ ሦስት ሦስት መስመር ነገር በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ነው። አንድ የኤክስት 4 ማሻሻያ፣ በማኅደረ ትውስታ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ዲስክ የሚጻፍ ፋይል መጠኑ በአግባቡ እንዲመዘገብ የሚያደርግ፣ በዋናው ከርነል ገባ። ትክክል ነበር፤ በሚገባም ተነብቧል። እንዲህ ያሉ እርማቶች ብዙ ድርጅቶች ወደሚጠቀሙባቸው የቈዩ እትሞች መገልበጣቸው የተለመደ ስለሆነ ይኸውም ወደ 6.1.64 ተገለበጠ። ነገር ግን ማሻሻያው ከወራት በፊት በሌላ ክፍል፣ በሌላ ፋይል ውስጥ በተደረገ ትንሽ ለውጥ ላይ የተመረኰዘ ነበር፤ ያ ለውጥ በ6.1 ውስጥ የለም። በዚህም የተነሣ በፋይሉ ውስጥ የደረሱበትን ቦታ የሚያመለክተው ቍጥር ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ይራመዳል፤ ቀጣዩ ጽሑፍም በማይገባው ቦታ ያርፋል። ወረቀቱን ያነበበ ሰው ቢኖር እያንዳንዱ መስመር በዋናው ከርነል ካለው ጋር አንድ ሆኖ ያገኘዋል። የጎደለው በወረቀቱ ላይ አልነበረም።

የደቢያን ሰዎች ያን ጊዜ 12.3 የተባለውን እትማቸውን ሊያወጡ ተሰናድተው ነበር። በዲሴምበር 9 ቀን ነገሩ ሲታወቅ መውጣቱን አገዱ፤ ማሽናቸውን እንዳያድሱም ሕዝቡን አስጠነቀቁ፤ በማግሥቱ 12.4ን አወጡ። በከርነሉ በኩል እትም 6.1.66 እርማቱን ይዞ ወጣ። ስሕተቱን ከመጀመሪያ ያሳየው ለሌላ ዓላማ ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ የፈተና ፕሮግራም ነበር። እዚህ ላይ የፈተናዎቹን ውለታ መጥቀስ ይገባል። ኤስ ጂ አይ የተባለው ኩባንያ ለኤክስ ኤፍ ኤስ ብሎ የጻፈው የፈተና ስብስብ ዛሬ የፋይል ሥርዓቶች ሁሉ የጋራ ንብረት ሆኗል፤ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ፈተናዎቹ በየጊዜው ይካሄዳሉ፤ ከነዚህም ጥቂቶቹ በመጻፍ መካከል መብራት የጠፋ አስመስለው ዲስኩን ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። አንድ ለውጥ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህን ፈተና ማሳለፉን ነው። አራሚው ማንበቡን አልተወም፤ ዐይን የማይደርስበትን ግን ፈተናው ይጎበኛል።

የሚቀረው ያልተለወጠው ዲስክ ነው። ኤክስት 4 እስከ 2446 የሚቈጥረው ኢኖዱ 256 ባይት ሆኖ ለተሰናዳ ዲስክ ብቻ ነው። ኢኖዱ 128 ባይት የሆነ ዲስክ ለተጨማሪዎቹ ቢቶች ቦታ የለውም፤ የትኛውንም ያህል አዲስ ከርነል ቢጫንበት በጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ጧት ይቆማል። በኤክስት 2ና በኤክስት 3 ዘመን የተሰናዱ ብዙ ዲስኮች እንዲህ ናቸው፤ የማሰናጃው ፕሮግራም ትንንሽ ዲስኮችን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በ128 ሲያሰናዳ ቈይቷል። የዲስኩን ራስጌ የሚያነበው ትእዛዝ የኢኖዱን መጠን በአንድ መስመር ይናገራል። ቍጥሩ 128 ከሆነ፣ ዲስኩ ሳይከፈት ወደ 256 የሚያሰፋው መሣሪያ አለ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን ቅጅ መያዝ፣ በመካከሉም መብራት እንዳይጠፋ ማድረግ ያስፈልጋል።